ሕዝበ ውሳኔ የሚፈታውና የማይፈታው፦ ከዋጃና ከራያ ቆላ ጥያቄ አንጻር

ሕዝበ ውሳኔ ማለት በአንድ ተለይቶ በታወቀ ጉዳይ ላይ ተወካዮች በሕዝብ ስም ከሚወስኑ ይልቅ ሕዝቡ ራሱ በምሥጢር ድምፅ በቀጥታ የሚወስንበት ሥርዓት ነው። በምርጫ ዜጎች ሰው ይመርጣሉ፤ በሕዝበ ውሳኔ ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ቀላል አይደለም። ያልወደዱትን ተወካይ በሚቀጥለው ምርጫ መለወጥ ይቻላል። አንድ ወረዳ የትኛው ክልል አካል ይሁን ተብሎ የተሰጠ መልስ ግን ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።

ይህ ጉዳይ በዋጃና በአካባቢዋ ላሉ ዜጎች የመማሪያ መጽሐፍ ርእስ አይደለም። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በማሽላ አምራችነቱ በሚታወቀው በራያ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እስከ 1983 ዓ.ም. ቆቦም፣ ዋጃም፣ አላማጣም በወሎ ክፍለ ሀገር በራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተዘረጋው የክልሎች አደረጃጀት ቆቦ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ውስጥ ስትቀር፣ ዋጃና አላማጣ በትግራይ ክልል ሥር ሆኑ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ተለዋውጧል። ሁለቱም ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ሁለቱም ታሪክ ይጠቅሳሉ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይደነግጋል። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው አቋሙ፣ በቅድሚያ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ፣ ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን አስተዳደር ራሳቸው እንዲመርጡ፣ በመጨረሻም የአካባቢዎቹ ዕጣ ፈንታ በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰን አመልክቷል። ስለዚህ ሕዝበ ውሳኔ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ለዋጃ ነዋሪ ጠቃሚ ነው።

በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 እና በአንቀጽ 47 ሕዝበ ውሳኔን በስሙ ጠርቶ ይደነግጋል። የመጀመሪያው የመገንጠል መብት በሥራ ላይ የሚውልበትን ሥርዓት፣ ሁለተኛው አዲስ ክልል የሚመሠረትበትን ሥርዓት የሚመለከት ነው። በአንቀጽ 47 መሠረት ጥያቄው በብሔሩ፣ ብሔረሰቡ ወይም ሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት ካገኘና ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ከቀረበ በኋላ፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። ለማጽደቅ የሚያስፈልገው አብላጫ ድምፅ ነው።

የክልሎች ወሰን ክርክር የሚዳኘው ግን በእነዚህ ሳይሆን በአንቀጽ 48 ነው፤ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ደግሞ ሕዝበ ውሳኔ የሚል ቃል የለም። አንቀጹ በመጀመሪያ የሚመለከታቸው ክልሎች ተስማምተው እንዲፈቱት ያዝዛል። መስማማት ካልቻሉ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል። በተግባር ሕዝበ ውሳኔው የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የሕዝብን ፍላጎት ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ሆኖ። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ ሁለት መመዘኛ ማስቀመጡ ነው። አሰፋፈር ማን የት ይኖራል የሚለውን፣ ፍላጎት ደግሞ የሚኖረው ሰው ምን ይሻል የሚለውን ይመለከታል። እንደ ራያ ቆላ ባለ አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ኦሮምኛም በሚነገርበትና በአንድ ቤት ሁለት ቋንቋ በሚሰማበት አካባቢ፣ የአንድን ሰው ቋንቋ ቆጥሮ ፍላጎቱን መገመት አይቻልም። የሕዝበ ውሳኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ግምቱን ትቶ ሰውየውን ራሱን ይጠይቃል።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጥቅም የድምፅ ምሥጢራዊነት ነው። አስተዳደር በተፈራረቀበት ቦታ ሰው በአደባባይ የሚናገረው በዕለቱ ያለው ባለሥልጣን ሊሰማ የሚወደውን ሊሆን ይችላል። የሰልፍ ብዛት፣ የስብሰባ አቋም መግለጫ፣ የተሰበሰበ ፊርማ ሁሉ በዚህ ምክንያት ሙሉ እምነት አይጣልባቸውም። ዜጋው ብቻውን መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ምልክት የሚያደርግባት ቅጽበት ግን፣ በትክክል ከተጠበቀች፣ ማንም የማያያት ናት። ሽማግሌ ፊት የማትናገር ሴት፣ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር መጋጨት የማይሻ ገበሬ በዚያች ቅጽበት እኩል ድምፅ አላቸው።

ሀገራችን ያለፈችባቸው ልምዶች

ኢትዮጵያ ለሕዝበ ውሳኔ እንግዳ አይደለችም። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 81 በመቶ ድጋፍ ማግኘቱ ታወጀ፤ ሥርዓቱ ግን ከአራት ዓመት በላይ አልቆየም። ነጻ ክርክር በሌለበት የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር መንግሥትን እንደማያጸና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያሻም። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለነጻነት ተሰጠ። በ1993 ዓ.ም. ስልጤዎች የማንነት ጥያቄያቸውን በድምፅ ወሰኑ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ 98.5 በመቶ ድምፅ ሰጪ ክልልነትን ደገፈ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ተሰጥቶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። በዚሁ ሕዝበ ውሳኔ በወላይታ ዞን ጥሰት በመገኘቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ድምፁ እንደገና እንዲሰጥ አድርጓል። በስዊዘርላንድም በሙቲዬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሰጠው የካንቶን ለውጥ ድምፅ በመራጮች መዝገብ ላይ በተነሣ ጥርጣሬ ተሰርዞ በ2021 ተደግሟል። ድምፅን መድገም የሚያሳፍር አይደለም፤ የተበላሸን ውጤት ማጽደቅ ነው የሚያሳፍረው።

እነዚህ ልምዶች ለዋጃ ያላቸው ትምህርት ግን ውሱን ነው። በሲዳማም ሆነ በደቡብ ምዕራብ የተጠየቀው ሕዝብ አብዛኛው አስቀድሞ በአንድ ሐሳብ የጸና ነበር። ሕዝበ ውሳኔው ስምምነቱን አጸደቀው እንጂ በሁለት የተከፈለን ሕዝብ አልዳኘም። በሲዳማ ያስከተለው ችግር እንኳ በውጤቱ ሳይሆን በመዘግየቱ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሳይፈጸም ሲያልፍ በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ለዋጃ የሚቀርቡት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች በሚወዛገቡባቸው ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ከአምስት አራት እጅ ያህሉ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ግን ወሰኑን መሬት ላይ የማካለሉ ሥራ ለዓመታት ተጓተተ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በዚያው ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከሁለቱም ወገን ተፈናቀሉ። በአማራ ክልልም መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች በነባሩ አስተዳደር ለመቀጠል ወይም ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመግባት ድምፅ ተሰጠ። ሰባቱ ባሉበት መቀጠልን ሲመርጡ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር መግባትን መረጠ። ድምፁ በተሰጠበት ቀን ጸጥታ የሰፈነ ቢሆንም ክርክሩ አልተቋጨም፤ በተከታዮቹ ዓመታት በአካባቢው ሕይወት የጠፋበትና ብዙ ሰው የተፈናቀለበት ግጭት ተከስቷል። ሁለቱም ቅይጥ አካባቢዎች ናቸው፤ በሁለቱም ቆጠራው አላስቸገረም። ያስቸገረው ከቆጠራው በፊትና በኋላ የነበረው ነው።

ማን ይመዘገባል?

በራያ ቆላ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ መራጭ ለመሆን ኢትዮጵያዊነትን፣ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ለመደበኛ ምርጫ ይህ ተገቢ መመዘኛ ነው። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ግን ሳይሻሻል ቢሠራበት የተገላቢጦሽ ውጤት ሊያመጣ ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት የኖረውን ተፈናቃይ ከመዝገብ ያስቀርና ከሰባት ወር በፊት የገባውን ሰው ያስገባል። ከዋጃ፣ ከአላማጣ፣ ከኮረምና ከቆቦ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ወገን ፍርሃት የሸሹ ዜጎች አሉ። የሁሉም ስም አንድ ዓይነት ክብደት ካልተሰጠው ድምፁ የሚለካው የሕዝብን ፍላጎት ሳይሆን በጦርነቱ ማን እንደቀረና ማን እንደሄደ ይሆናል። የተፈናቃዮች መመለስ ከሕዝበ ውሳኔው እንዲቀድም መታቀዱ በዚህ ምክንያት ትክክል ነው። መመለስ ማለት ደግሞ በመኪና አድርሶ ማውረድ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን፣ ማሳውንና ደኅንነቱን ያላገኘ ሰው ነጻ መራጭ ነው ማለት አይቻልም።

በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል የምትገኘው አቢዬ የዚህ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ደቡብ ሱዳን በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ስትመርጥ፣ አቢዬም በዚያው ጊዜ ወደ የትኛው እንደምትሆን ልትወስን ነበር። ድምፁ አልተሰጠም። ቋሚ ነዋሪ የሆኑት ንጎክ ዲንካዎች እንዲመርጡ ሁሉም ይስማማ ነበር፤ ከብቶቻቸውን ይዘው በየዓመቱ የሚመጡት ሚስሪያዎች ነዋሪ ይባላሉ ወይስ አይባሉም በሚለው ላይ ግን ስምምነት ጠፋ። የመራጮች መዝገብ ላይ ያልተስማሙ ወገኖች ድምፅ መስጫ ጣቢያ ድረስ እንኳ አይደርሱም።

መፍትሔ የተገኘባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 በዴንማርክና በጀርመን መካከል የነበረው የሽሌስቪግ ክርክር በድምፅ ሲፈታ፣ መብቱ የተሰጠው በአካባቢው ለተወለዱ ወይም ከ1900 በፊት ጀምሮ ለሚኖሩ ሰዎች ነበር። ከፖለቲካው ውዝግብ በፊት ያለን አንድ ቁርጥ ቀን መርጦ መዝገቡን በዚያ ላይ መመሥረት በየትኛውም ቦታ ያስኬዳል። ለራያ ቆላ የትኛው ዓመት ይሁን የሚለው ግን ራሱ ከባድ ድርድር ነው፤ 1983 ቢባል አንዱ፣ 2013 ቢባል ሌላው ቅር ይሰኛል። ይህን ዓመት ድምፅ ሰጪው ሊወስነው አይችልም፤ ድምፅ ሰጪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ዓመቱ ከተወሰነ በኋላ ነውና። በድርድርና በሕግ ሊወሰን ይገባል።

ስለ መዝገቡ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ በኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገቡ ሰዎች፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነት ሲነሣ ያ ምዝገባቸው የሌላ ሀገር ዜግነት ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረባቸው፤ ብዙዎችም ከሀገር ወጡ። በራያ የሚዘጋጅ መዝገብ ለድምፅ መስጠት ብቻ እንደሚውል፣ ለመሬት ድልድልም፣ ለሥራ ቅጥርም፣ ለማንነት ማጣሪያም እንደማይውል በሕግ ካልተረጋገጠ ሰው በልበ ሙሉነት አይመዘገብም።

በምን ተቆጥሮ፣ ምን ተጠይቆ?

የተመሳሳይ ሰዎች ተመሳሳይ ድምፅ እንደ አቆጣጠሩ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። በሽሌስቪግ ሰሜናዊው ክፍል በአንድነት እንዲቆጠር ተደርጎ ሦስት አራተኛው ለዴንማርክ ድምፅ ሰጠ፤ በውስጡ ያሉ እንደ ቶንደር ያሉ ከተሞች አብላጫ ነዋሪያቸው ጀርመንን ቢመርጥም ወደ ዴንማርክ ሄዱ። በኦሮሚያና ሶማሌ ደግሞ ቆጠራው በቀበሌ ነበር። በወረዳ መቁጠር ወሰኑን ቀጥ ያለና ለአስተዳደር የሚመች ያደርገዋል፤ በውስጡ ያለውን ንዑስ ቡድን ግን ይውጠዋል። በቀበሌ መቁጠር ለእያንዳንዱ መንደር ይታመናል፤ ነገር ግን የአንዱ ቀበሌ ገበሬ ወደ ገበያ ለመሄድ ሁለት ክልል የሚያቋርጥበትን ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል። በዋጃ ይህ በሐሳብ ያለ ነገር አይደለም። ከተማዋ በሁለቱ ወረዳዎች መካከል በዋናው መንገድ ላይ ስለሆነች፣ አቆጣጠሩ ውጤቱን ሊወስን ይችላል። ይህም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተወስኖ ሊታወጅ ይገባል።

የጥያቄው አቀራረብም እንዲሁ ነው። በሲዳማ መራጮች ሻፌታ እና ጎጆ የተባሉ ሁለት ምልክቶች ቀርበውላቸው አንዱን መርጠዋል፤ ማንበብ ለማይችል ዜጋ ግልጽና ተገቢ ነበር። ሁለት ምርጫ ብቻ ማቅረብ ግን በመካከል ያለውን ሐሳብ ቦታ ያሳጣዋል። በራያ ወደ አማራ ወይስ ወደ ትግራይ ከሚለው ይልቅ ራያነቱን የሚያስቀድም፣ ከየትኛውም ክልል በላይ የራሱ አስተዳደርና የቋንቋ መብት የሚያሳስበው ሰው ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ተብለው ሲጠየቁ 51.9 በመቶ እንውጣ አለ፤ እንዴት እንውጣ የሚለው ግን ስላልተጠየቀ ፓርላማው በዚያ ላይ ለዓመታት ተከራከረ። ጥያቄው ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት የእያንዳንዱ ምርጫ ይዘት ተጽፎ መሰራጨት አለበት፦ የትምህርት ቋንቋ ምን ይሆናል፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ይጸናል ወይስ ይቀየራል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ምን ይሆናል። የዋጃ እናት ልጇ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማር ሳታውቅ ድምፅ እንድትሰጥ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ከውጤቱ ማግስት

አብላጫ ድምፅ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት ብቻ ነው። በቅይጥ አካባቢ የተሸነፈው ወገን ከመቶ አርባው ሊሆን ይችላል፤ እሱም በዚያው መንደር፣ በዚያው ገበያ ይኖራል። የሕዝበ ውሳኔ ከፍተኛው ድክመት ይህን ሰው በተመለከተ ምንም የማይለው መሆኑ ነው። በሽሌስቪግ ንዑሳን ቡድኖች በሁለቱም ወገን የራሳቸው ትምህርት ቤትና መብት በጽኑ የተረጋገጠላቸው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጡት የቦንና የኮፐንሃገን መግለጫዎች ነው። በዚያ መካከል አንድ የዓለም ጦርነት አልፏል። እኛ ያን ያህል የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ዋስትናው ከድምፁ በፊት በሁለቱ ክልሎች ምክር ቤቶች ሊጸድቅ ይችላል፣ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ የተሰጠ ዋስትና ደግሞ ይበልጥ ፍትሐዊ ይሆናል።

በራያ ቆቦ ዘወልድ የተባለው የሽምግልና ሥርዓት በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦችን ሲያስታርቅ ኖሯል። ይህ ሥርዓት የክልል ወሰን የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ነገር ግን ዘወልድ የሚሠራውን ድምፅ መስጫ ሳጥን አይሠራውም፦ የበዳይና የተበዳይን ቤተሰብ ፊት ለፊት አቀራርቦ ነገ አብረው ውኃ እንዲቀዱ ያደርጋል። ዕርቁ ድምፁን ቢቀድም በምዝገባ ወቅት ነዋሪነቱን የሚመሰክርለት ጎረቤት የሚያጣ ሰው ያንሳል።

ቀኑም ይታሰብበት። በኅዳርና በታኅሣሥ የራያ ገበሬ ማሽላውን ይሰበስባል፤ በዚያን ጊዜ የሚደረግ ምዝገባ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ የምዝገባ ማስታወቂያውና የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጹ በአማርኛም በትግርኛም መቅረብ አለባቸው። የመራጮች መዝገብ በየጣቢያው ለሕዝብ ዕይታ በሚለጠፍበት ወቅት ማንኛውም ዜጋ ስሙ መኖሩን ማረጋገጥ፣ የማይገባ ስም ካየም ለምዝገባ ጣቢያው በጽሑፍ ማመልከት፣ በሚሰጠው ምላሽ ካልረካም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።